ለጉዮ ያነበብኩለት ማስታወቂያ

ሰሞኑን የኬንያዋ ሞያሌ ለጃምሁሪ በዓል እየተሰናዳች ነው። ጃምሁሪ በስዋሂሊ ሪፐብሊክ ማለት ነው፤ ኬንያ ከእንግሊዝ ነጻ በወጣች በዓመቱ ንግሥቲቱንም ጨርሳ አሰናብታ በራሷ ፕሬዚዳንት መተዳደር የጀመረችበት ቀን። በየዓመቱ ዲሴምበር አስራ ሁለት ይከበራል። የተማሪዎቹ የሰልፍ ልምምድ ከጠዋት ጀምሮ ቤቴ ድረስ ይሰማል፤ ከበሮ የሚመታው ልጅ ምቱን ስለሚስት እኔ ቁጭ ብዬ እናደዳለሁ። በአስፋልቱ ዳር ከኢትዮጵያ በኩል የመጡ የጭነት መኪናዎች ተደርድረዋል፤ ረዳቶቹ ጥላ ሥር ጋደም ብለው ወረቀታቸው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ሀገያ የምንለው አጭሩ ዝናብ አልፎ በጋው ገብቷል፣ ነፋሱ ደርቋል። እኔ ይህን ወር አልወደውም። ከስድሳ ዓመት በላይ ሆነኝ፣ አልወደድኩትም።

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰላም ስልኳን አፌ ሥር ደቀነችብኝ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። «አኮ» አለችኝ፤ እዚህ አያትን አኮ እንላለን። «መምህራችን ሽማግሌ ጠይቁ ብሎናል። ከነጻነት እስከ ጃምሁሪ ያለውን ዓመት ታስታውሺያለሽ?»

«እንዴት አላስታውስ! ባንዲራ ተሰቀለ፣ በሬ ታረደ፣ ሥጋ በላን።»

«በቃ?»

«በቃ።»

እሷ የቤት ሥራዋን አግኝታ ደስ ብሏት ሄደች። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። ሰው በሰማንያ ዓመቱ ለልጅ ልጁ ሲዋሽ ያፍራል። በርግጥ ባንዲራም ተሰቅሏል፣ ሥጋም በልተናል። ያልነገርኳትን አሁን እጽፈዋለሁ።

ያኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ አቶ ሀብቴ በኢትዮጵያ በኩል ባለችው ሞያሌ ቆዳ ይነግድ የነበረ ሰው ነው፤ እኔ ሕፃን ሳለሁ ድንበሩ የሆነውን ሸለቆ ተሻግሮ በእንግሊዞቹ በኩል ዱካ ከፈተ፤ ሱቅ ማለት ነው። አቡጀዲ፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ጨው፣ የፋኖስ ጋዝ እንሸጥ ነበር። እናቴ ቀድማ ስለሞተች ሱቁን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ከሸለቆው ማዶ ከመሪጌታው ዘንድ ፊደል ቆጥሬአለሁ፣ ከወዲህ ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ተምሬአለሁ። በከተማው ሁለቱንም ማንበብ የምትችል ሌላ ሴት አላውቅም ነበር። ኩራቴም ልክ አልነበረውም፣ አልደብቅም። የፍርድ ቤት መጥሪያ ይሁን፣ ከናይሮቢ የመጣ ደብዳቤ ይሁን፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ይሁን ሰው ወደ እኔ ይዞ ይመጣል። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ትንሽ አስጠብቄ፣ እንደ ዳኛ አነብለታለሁ።

የነጻነቱ ዕለት ግማሹ ከተማ ወጥቶ ጨፈረ፣ ግማሹ በሩን ዘግቶ ዋለ። ከዚያ ቀደም ብሎ ከእንግሊዝ የመጡ ሰዎች በየአውራጃው እየዞሩ፣ ከኬንያ ጋር ትሆናላችሁ ወይስ ከሶማሊያ ብለው ሕዝቡን ጠይቀው ነበር። የተጠየቀው ሁሉ መልሱን ሰጠ፤ መልሱ የት እንደገባ የነገረን ግን የለም። ከነጻነቱ በኋላ ወር ሳይሞላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ወታደር የጫኑ ሎሪዎች በአቧራው መንገድ ከደቡብ መጡ። ከመሸ መውጣት ተከለከለ፣ ከመንደር መንደር ለመሄድም የይለፍ ወረቀት አስፈለገ። ጫካ ያለ ሰው ሁሉ ሽፍታ ተባለ። ቃሉ የእኛ ነው፤ ድንበሩን ተሻግሮ የእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ሲጻፍ በዓይኔ አየሁት። እኛ ዘንድ ሽፍታ የሚረገምም የሚዘፈንለትም ነው። እነሱ ወረቀት ላይ ግን ፍቺው አንድ ብቻ ነበር፤ የሚገደል ሰው።

አባቴ ያን ዓመት አንድ ነገር አልዋጥልህ አለው። ነጻ ወጣን ብለው ሲጨፍሩ የንግሥቲቱ መልክ ከሺሊንጉ ላይ አልወረደም። ሳንቲሙን እያገላበጠ «ከማን ነው ነጻ የወጡት ታዲያ?» ይለኛል። እኔም ከጋዜጣ ያነበብኩትን አስረዳዋለሁ፤ መንግሥቱ የራሳቸው ነው፣ ንግሥቲቱ ግን በስም አለች፣ በዓመቱ እሷም ቀርታ ሪፐብሊክ ይሆናሉ።

«ንጉሡስ ማን ሊሆን ነው?»

«ንጉሥ የለም አባባ።»

የጃንሆይ ሰው ነውና አማተበ። «ንጉሥ የሌለው አገር በማን ስም ይማላል?» አለ። ሳቅኩበት። እስከ ኅዳር ድረስ ብዙ እስቅ ነበር።

በዚያ ኅዳር፣ በሚካኤል ዕለት፣ እኔና አባቴ ማዶ ተሻግረን ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ፣ ገበያው መሐል ባለው ትልቅ ዛፍ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን። ድካም ስለነበረብኝ ሳላነበው አለፍኩ። በማግስቱ ጠዋት ጉዮ ወደ ሱቁ መጣ።

ጉዮ ከከተማው አጠገብ ካለችው ከቡቲዬ መንደር ነው። ሚስቱ ዳኪ በየጠዋቱ በጢስ በታጠነ ዕቃ ወተት ታመጣልናለች፤ ያ ወተት ከሻይ ጋር ሲፈላ የሚሸተው ሽታ አሁንም አልለቀቀኝም። ጉዮ ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ዳኪ ያኔ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበር።

«ነጋ ቡልቴ፣ ዘኑ?» አለኝ፤ በስሜ ጠርቶ በሰላም አደርሽ ማለቱ ነው።

«ነጋ፣ ጉዮ። ከብቶቹስ?»

«ከብት ደህና። ሣር ግን እዚህ የለም፤ ከኡራን ወዲያ ነው ያለው፣ እረኞቹ ከብቱን እዚያ ይዘውታል። ዛሬ እኔም እሄዳለሁ። ያ ዛፍ ላይ ያለው ወረቀት ምን ይላል? ሰው ሁሉ ሌላ ሌላ ያወራል። አንቺ አንብቢልኝ።»

ሱቁን ለአባቴ ትቼ አብሬው ሄድኩ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። እንደ ልማዴ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ከኡራን የውሃ ጉድጓዶች ወዲያ ከብት ያለው ሁሉ እስከ ዲሴምበር አስራ ሁለት ድረስ ወደ ከተማው አቅጣጫ ይመልስ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ የተገኘ ሰው እንደ ሽፍታ ይቆጠራል፤ ይላል።

«ይቆጠራል ማለት?»

«ይተኮስበታል ማለት ነው።»

ጉዮ በዛፉ ላይ ያለውን ወረቀት አሻቅቦ አየው። «ቀኑ መቼ ነው?»

ለዚህ ጥያቄ ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም። ዲሴምበር ታኅሣሥ ነው፤ በቤታችን ሁልጊዜ እንዲያ እንላለን፣ ጃንዋሪ ጥር፣ ፌብሯሪ የካቲት እያልን። አስራ ሁለት ደግሞ ሚካኤል ነው። የትናንቱ የሚካኤል ጠበል ጠዲቅ ገና ከአፌ አልጠፋም።

«በሚቀጥለው ሚካኤል» አልኩት።

አፉን ሸፍኖ ሳቀ። «እኔ ሚካኤል የት አውቃለሁ? ስንት ቀን ነው? እሱን ንገሪኝ፤ ቦረና ቀን አይጠፋበትም።»

በጣቴ ቆጠርኩ። «ሃያ ዘጠኝ።»

«ዲግደሚ ሰገል» ብሎ በራሱ ቋንቋ ደገመው። «ደግ ነው። ሣሩን ጨርሰው ይመጣሉ። ያንቺ ንባብ ከነዚያ ሁሉ ወሬ ይሻላል።»

በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከዚያው ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ሄደ። ከኋላው ሳየው ልቤ በኩራት ሞልቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ደስ አይሉም ነበር። ከምዕራብ በኩል በየቀኑ አቧራ ይነሣል፤ ከብታቸውን እየነዱ የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። ከተማው ዙሪያ ያለው ሣር በሳምንት ውስጥ ተላጨ፣ የከሱ ላሞች የሱቃችንን አጥር ይበሉ ጀመር። የተመለሱት ሰዎች ብዙ አያወሩም። አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ትመጣና ወደ ኡራን አቅጣጫ ሁለቴ ዞራ ትመለሳለች። እኔ ሰዎቹ በጣም ቸኮሉ እል ነበር። ገና ብዙ ቀን አለ፣ ለምን ይፈራሉ እል ነበር።

የታኅሣሥ መባቻ ሐሙስ ነበር። የአስተዳዳሪው ካራኒ፣ ጸሐፊው ማለቴ ነው፣ ጨርቅ ሊገዛ መጣ። ከደቡብ የመጣ ወጣት ነው፣ ትሑት፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ጨርቅ ለካሁለት።

«ለመቼ ነው?» አልኩት በስዋሂሊ።

«ለጃምሁሪ ነዋ። ለቅዳሜ።»

«የትኛው ቅዳሜ?»

«ከነገ ወዲያ፤ ዲሴምበር አስራ ሁለት» አለና ሳቀ። «አንቺ የተማርሽ ልጅ፣ የአገሩን ትልቅ ቀን አታውቂም?»

አባቴ ከጓዳ ሆኖ «ቅዳሜ በዓታ ናት፣ እኔ ማዶ ነኝ» አለ። በዓታ ታኅሣሥ ሦስት ነው። ሦስት! መቀሱ ከእጄ ወደቀ። የፈረንጆቹ ወር ከእኛ ወር እኩል አይገባም፤ ዲሴምበር ሲብት እኛ ገና ኅዳር ሃያ ሁለት ላይ ነን። ዘጠኝ ቀን ይቀድሙናል። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬው ነበር። አምናም የነጻነቱ ባንዲራ ሲሰቀል አባቴ ለበዓታ ዋዜማ ብሎ ማዶ ነበር፤ ያን እንኳ አላስታወስኩም። የሚካኤል ዳቦ አፌ ውስጥ ይዤ የሰው ዕድሜ ቆጠርኩ።

«የዛፉ ላይ ትእዛዝስ?» አልኩት ካራኒውን።

«እሱም ቅዳሜ ነው። ሲነጋጋ ሎሪዎቹ ይወጣሉ።»

«አንድ ሰው ቢዘገይ… ቀኑን ተሳስቶ ቢዘገይ፣ የይለፍ ወረቀት ይሰጠዋል? መልእክት ይላክለታል?»

ካራኒው ጨርቁን ማጠፉን ተወ። ትሕትናው ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየሁት። «ማን ነው የዘገየው?»

መቀሱን ለማንሣት ጎንበስ አልኩ።

«ማን ነው? የት ነው ያለው? ስሙን ንገሪኝ።»

ስሙን ብነግረው ጉዮ ያለበትን ቦታ ለሎሪዎቹ መጠቆሜ ነው። ባልነግረው ደግሞ የሚደርስለት የለም። ካራኒው ደግ ሰው ይሁን ክፉ ሰው እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ብነግረው ይረዳኝ ነበር፤ ይህን ስንት ሺህ ጊዜ አሰብኩት መሰላችሁ።

«ማንም» አልኩት። «እንዲያው ነው የጠየቅኩህ።»

ጨርቁን ይዞ ሄደ። ከበሩ ላይ አንዴ ዞር ብሎ አየኝ።

ለአባቴ ያንኑ ዕለት ሁሉንም ነገርኩት። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ዝም በይ» አለኝ። «እኛ እዚህ እንግዶች ነን። የሽፍታ መልእክተኛ ናችሁ ቢሉን ዱካውም ይቀራል፣ እኛም እንታሰራለን። ሆድ ይፍጀው።» አባቴ ፈሪ አልነበረም። ያን ጊዜ ግን ፈርቶ አየሁት፣ ይህም ይበልጥ አስፈራኝ።

ዓርብ ጠዋት ግን አላስቻለኝም፣ ቡቲዬ ሄድኩ። ዳኪ ከቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ የወተት ዕቃዋን እያጠነች ነበር። ገና ሳልቀመጥ ጀመረችኝ።

«አየሽው ያንን ሰውዬ? የሰው ባል ሁሉ ተመልሷል። ነገ ነው ቀኑ ይላሉ፤ የእኔው የለም! ቸኩሎ አያውቅም። እናቱም ስትወልደው ሦስት ቀን አስጠብቋታል አሉ።»

«ሰው ይላክበት ዳኪ። ዛሬውኑ።»

«ማን ይሂድ? ወታደሮቹ ከትናንት ጀምሮ መንገዱን ዘግተዋል። የወንድሙን ልጅ ጠዋት መልሰውታል፣ በሰደፍ መትተው።» ሆዷን ይዛ ተነፈሰች። «ቀን የሚያውቅ ሰው ነው። ከፈለገ ይመጣል፣ ካልፈለገ ምን አደርገዋለሁ? የነገሩትን አይሰማም።»

ዳኪ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የተሳሳተ ቀን የነገርኩት እኔ ነኝ፤ የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መንገዱ ተዘግቷል፣ ብነግራት ምን ይጠቅማታል አልኩ ለራሴ። ይህ ሰበብ ነው። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። አንባቢዋ ዘኑ ማንበብ አታውቅም እንዲባል አልፈለግኩም። ዕቃውን ከእጇ ተቀብዬ ጢሱን እያራገብኩላት ቆየሁና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ሲነጋጋ የሎሪዎቹን ድምፅ ሰማሁ። አምስት ነበሩ፣ ወደ ምዕራብ ሄዱ። ወዲያው ደግሞ ከሸለቆው ማዶ የበዓታ ከበሮ ጀመረ። ረፋዱ ላይ እኛ ጋ ሰልፍ ሆነ፤ የለካሁት ጨርቅ በየእንጨቱ ላይ ይውለበለባል፣ አስተዳዳሪው ንግግር አደረገ፣ ከዛሬ ጀምሮ የማንም ዘውድ በላያችን የለም ተባለ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። በሬዎች ታርደው ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ትኩስ የተጠበሰ ጎድን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። በላሁት። ርቦኝ ነበር፣ ጣፈጠኝም፤ ይህን ከሁሉም በላይ አልረሳውም። አባቴ ከማዶ የበዓታን ዳቦ በነጠላ ቋጥሮ ሲመለስ ዓይን ለዓይን መተያየት አልቻልንም።

ሎሪዎቹ እሑድ ተመለሱ። ሰኞ ደግሞ አንድ የጉዮ ጎረቤት፣ ዓርብ ማታ ከብቶቹን እየነዳ ለጥቂት ያመለጠ ሰው፣ ቡቲዬ ገብቶ የሆነውን ተናገረ። ለቅሶው ላይ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጬ ነበር። ጉዮን ጉድጓዱ አፍ ላይ ከብት ሲያጠጣ አገኙት። መሮጥ እንኳ አልሞከረም፤ ቀና ብሎ እጁን አንሥቶ ሰላም አላቸው አለ ሰውዬው፣ ይህን ያየው ከቁጥቋጦ ተደብቆ የተረፈ አንድ እረኛ ነው። ከዚያ ሰውዬው በጉልበቱ ላይ እየመታ እንዲህ አለ፦ «እንሂድ አልነው፤ ነገ ነው ቀኑ፣ ተነሥ አልነው። ሳቀብን። ጊዜ አለ አለን።»

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ዳኪ ደረቷን እየደቃች «ነግሬው ነበር! አይሰማም! አይሰማም!» አለች። ጊዜ አለ ያለው ከማን ሰምቶ እንደሆነ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልተናገርኩም።

ልጁ ዋሪዮ ከሁለት ወር በኋላ ተወለደ። እኔ ለዳኪ አቡጀዲ፣ ስኳር፣ ለልጁም የትምህርት ቤት ልብስ ሳቀርብ ኖርኩ፤ እሷም ደግ ነሽ እያለች መረቀችኝ። ምርቃቱ እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥለኝ ነበር። ዋሪዮ አባቱን በአንድ ነገር ብቻ አውቆ አደገ። ሲያጠፋ እናቱ «እንደ አባትህ አትሁን፣ የነገሩህን ስማ» ትለዋለች። እሱም ለልጆቹ ያንኑ ይላል፤ ዘንድሮ ደግሞ ለልጅ ልጆቹ። በየጃምሁሪው ቡቲዬ ቤቱ ይሰበስባቸውና፣ አያታችሁ የመንግሥትን ቀን የናቀ ግትር ሰው ነበር፣ በግትርነቱ ሞተ ብሎ ያስተምራቸዋል። ዳኪ ከአራት ዓመት በፊት አረፈች። እስከ መጨረሻዋ ሟቹን እንደወቀሰችው ነው፣ እስከ መጨረሻዋም እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

ሪፐብሊክ ማለት ምን እንደሆነ አባቴ ሳይገባው ሞተ። እኔ ገብቶኛል። ዘውድ ሲወርድ፣ በዘውዱ ስም ይደረግ የነበረው ሁሉ በእያንዳንዳችን ስም ይደረጋል ማለት ነው። ሎሪዎቹ ያን ቀን በእኔም ስም ነው የወጡት፣ በእኔም ሂሳብ።

ትናንት ዋሪዮን አስጠራሁት። ከስድሳ ያለፈ ሰው ነው፣ እንደ አባቱ ረጅም። ሻይ ቀዳሁለትና ከዛፉ ሥር ጀምሬ እስከ ለቅሶው ድረስ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ቀና አለ።

«እንግዲያ አባቴ ሰምቶ ነበር?» አለኝ።

«ሰምቶ ነበር። የሰማው እኔን ነው።»

ተነሣ። ሻዩን አልነካውም። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ለልጆቼ ሌላ ነው የነገርኳቸው» አለ። «በጃምሁሪ ዕለት ሁሉም ቤቴ ይመጣሉ። እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው።»

በዓሉ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ በሁለቱም አቆጣጠር አረጋግጬአለሁ። ሰላም በሞተር ብስክሌት ቡቲዬ ልታደርሰኝ ተስማምታለች፣ ለምን እንደምሄድ ገና አልነገርኳትም። የጉዮ የልጅ ልጆች ስንት እንደሆኑ አላውቅም። ሁሉም ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።